ለኒካሕ የመጣውን ልጅ ዘሩን ሳይሆን ዲኑን ጠይቁ፦ «ቡዳ» የሚለው ውሸት ከመካከላችን ይውጣ



አንድ ወጣት አለ እንበል። አምስት ወቅት ሶላቱን በጀመዓ ይሰግዳል። ሥራ አለው። አኽላቁ የተመሰገነ ነው። ሽማግሌ ይልካል። የልጅቷ ቤተሰብ ስለ ዲኑ ይጠይቃል፤ ጥሩ ይሰማል። ስለ ሥራው ይጠይቃል፤ ጥሩ ይሰማል። ከዚያ አንዲት አክስት ወይም አንዲት ጎረቤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እነሱ እኮ ዐይናቸው ጥሩ አይደለም ይባላል፤ ዘራቸው ፋቂ ነው» ትላለች። ነገሩ እዚያው ያበቃል። ለልጁ የሚነገረው ግን ሌላ ነው፤ «ልጅቷ ትምህርቷን መጨረስ ፈልጋለች» ይባላል።

ይህን ታሪክ የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ እድለኛ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ሴቻም ሲቀላም፣ ጨንቻም፣ ሶዶም፣ አዲስ አበባም ይኸው ሹክሹክታ አለ። ተውሂድ የተማረ፣ ሺርክን የሚጠላ፣ «እኛ ጠንቋይ ቤት አንሄድም» ብሎ የሚኮራ ቤተሰብ ሳይቀር ኒካሕ ሲመጣ በዚህ ወሬ ይሸነፋል። ስለዚህ ዛሬ ዳር ዳር ሳንል በግልጽ እንነጋገር።

የምንለው አንድ ነገር ነው። ሰውን በሙያው ወይም በአያቱ ሙያ ምክንያት «ቡዳ» ማለት ባህል አይደለም፣ ጥንቃቄም አይደለም፤ ጃሂሊያ ነው። ይህን ጃሂሊያ የኢስላም ልብስ አልብሰን «ዐይን እኮ ሐቅ ነው» እያልን ስንከላከለው ደግሞ በዲናችን ላይ እንዋሻለን።

◾ «ዐይን» እና «ቡዳ» አንድ አይደሉም

መጀመሪያ ይህን እንለይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ዐይን ሐቅ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል፤ ሐዲሱ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ይህን አንክድም። ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ ነቢዩ ያስተማሩት ዐይን ከማን ነው የሚመጣው?

መልሱ በሰህል ኢብኑ ሑነይፍ (ረ.ዐ) ታሪክ ውስጥ አለ። ኢማሙ ማሊክ በሙወጠእ፣ አሕመድና ኢብኑ ማጃህም በየኪታባቸው ዘግበውታል። ሰህል ልብሱን አውልቆ ሲታጠብ ዓሚር ኢብኑ ረቢዓ (ረ.ዐ) አየው፤ የቆዳውን ማማር አድንቆ ተናገረ። ሰህል ወዲያው ታሞ ወደቀ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ ዓሚርን ገሠጹት፤ ያየው ነገር ሲያስደንቀው ለወንድሙ በበረካ ዱዓ ያላደረገለት ለምን እንደሆነ ጠየቁት። ከዚያ እንዲታጠብ አዘዙት፤ ውኃው ሰህል ላይ ፈሰሰ፤ ሰህልም ተሽሎት ከሰው ጋር ሄደ።

አሁን ዓሚር ኢብኑ ረቢዓ ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ከመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ ነው። ከባለቤቱ ጋር ወደዚህችው ወደ ሐበሻ ምድር የተሰደደ ሙሃጂር ነው። በበድር የዘመተ ሶሐባ ነው። የተናቀ ጎሳ ልጅ አይደለም፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ የሚፈራ ሰው አይደለም። ታዲያ ዐይኑ ከየት መጣ? ወንድሙን አድንቆ አላህን ሳያስታውስ ከመናገሩ መጣ። ይኸው ነው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ ዐይን በደም አይወረስም፤ ከእኔም ካንተም፣ ከኢማሙም ከሐጂውም፣ ከሚወደን ሰው ሳይቀር ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በበረካ ዱዓ ማድረግ፣ ዚክር፣ ሩቅያ። ሦስተኛ፣ ዐይኑ የነካው ሰው ከማኅበረሰቡ አልተባረረም። ዓሚር ከዚያ ቀን በኋላም ሶሐባ ነው። «ልጁን አታጋቡ፣ ከልጅ ልጁ ጋር አትብሉ» ያለ አልነበረም።

የኛ ሰፈር «ቡዳ» ግን ሌላ ነው። በዘር ይተላለፋል ይባላል፤ ጥፋት ባይሠራም «ዘሩ ነው» ይባላል፤ ተውበት የለውም፤ ሙያ ቢቀይር፣ ዲግሪ ቢይዝ፣ ቁርኣን ቢሐፍዝ አይፋቅለትም። ይህ ከሐዲሱ ዐይን ጋር ስሙ እንኳ አይገናኝም።

◾ ወንዝ ሲሻገር የሚቀየር «ዘር»

በጋሞ ደጋ ለብዙ ዘመን የቆየውን አከፋፈል እናስታውስ። እንደየደሬው ዝርዝሩ ቢለያይም ሰው ማላ፣ ማና እና ደጋላ ይባላል። ማላ መሬት ያለው አራሽ ነው። ማና ሸክላ ሠሪ ነው። ደጋላ ቆዳ ፋቂና ብረት ቀጥቃጭ ነው። ማናና ደጋላ በዱቡሻ ሸንጎ ከማላው እኩል ቃል አልነበራቸውም፤ ከማላ ጋር አይጋቡም ነበር፤ የሚያርሱት የራሳቸው መሬት አልነበራቸውም። ይህን አጥር የሚጠብቀው ደግሞ «ጎሜ» የሚለው ፍርሃት ነበር፤ ክልክሉ ከተጣሰ በሽታ ይመጣል፣ ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ይመክናል የሚለው እምነት። ከሰሜን የመጣው «ቡዳ» የሚለው ቃል ከተማ ላይ ከዚህ ጋር ተዳበለ።

በመላው ደቡብ ያለውን ይህን መገለል ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከብዙ አጥኚዎች ጋር ሰብስበውታል። ቆዳ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ አዳኝ፣ ሁሉም በየአካባቢው የተገፋ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ዶርዜ ላይ ሽመና የተከበረ የማላው ሥራ ነው። ጥበቡን የሚሠራው ሰው በአገሩ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። ይኸው ሸማኔ ወደ ሰሜን ሲሻገር ግን ሽመና ከተናቁት ሙያዎች ጋር ተቆጥሮ ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ለስንት ዓመት «ዶርዜ» የሚለው የሕዝብ ስም እንደ ስድብ ሲወረወር አልሰማንም? ሰውየው ያው ነው፤ እጁም፣ ድሩና ማጉም ያው ነው። አንዱ አገር ላይ ክቡር፣ ሌላው አገር ላይ «ዐይነ መጥፎ» ከሆነ ችግሩ ደሙ ውስጥ አይደለም፤ የሚያየው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ደም ወንዝ ሲሻገር አይቀየርም፤ ወሬ ግን ይቀየራል።

◾ ትናንት የተባልነው እኛ ነበርን

ይህን ወሬ የሚደግም ሙስሊም የአያቱን ታሪክ ረስቷል። ጎንደር ላይ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ሰፈር ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ሙስሊሙ ርስት ስለተነፈገ ወደ ንግድና ወደ ሽመና ተገፋ፤ ከዚያ በገፉት ሥራ መልሰው ሰደቡት። ቤተ እስራኤሉ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሆነ፤ «ቡዳ» የሚለው ስም ከሁሉም በላይ የተለጠፈው በእሱ ላይ ነው።

አሠራሩን አያችሁት? መጀመሪያ መሬት ይነፈግሃል። መሬት ስታጣ በእጅህ ሠርተህ ትበላለህ። በእጅህ ስትሠራ ትናቃለህ። ስትናቅ ደግሞ መናቅህን የሚያጸድቅ ታሪክ ይፈጠርልሃል፦ «ሰው ይበላሉ»። መነሻው የመሬትና የሥልጣን ጉዳይ ነው፤ ጂኑና ጅቡ በኋላ የመጡ ማመካኛዎች ናቸው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው በትውልዱ እንዳይገለል ይከለክላል። አዋጅ መሬት ሊሰጥ ይችላል፤ ኒካሕ ግን አያስርም። ልብን የሚቀይር ዲን ነው፤ ዲኑ ያለው ደግሞ እኛ ጋር ነው። ታዲያ የመንግሥት ወረቀት ከከለከለው በኋላ በመስጂዳችን ጓዳ ሲኖር ዝም ብለን እናያለን?

◾ ነቢያቱ በእጃቸው ሠርተዋል

«ቀጥቃጭ» ብለን የምንሰድብ ሰዎች ዳዉድን (ዐ.ሰ) እናስብ። አላህ ብረትን እንዳለዘበለትና ጥሩር መሥራትን እንዳስተማረው ቁርኣን በሱረቱ ሰበእና በሱረቱል አንቢያእ ይነግረናል። ንጉሥም ነቢይም ሆኖ የሚበላው ከእጁ ሥራ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። መካ ላይ ለኢስላም ከተሠቃዩት ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ) ብረት ቀጥቃጭ ነበር።

«ፋቂ» ብለን የምንሰድብ ሰዎች ደግሞ የምእመናን እናት የሆነችውን ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) እናስብ። በእናቷ ከቁረይሽ የምትወለድ፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ናት። ቆዳ ስታለፋ ነቢዩ እንደመጡባት ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ አለ። በእጇ ሠርታ ሶደቃ በመስጠት የታወቀች ናት። አንተ የምትጠየፈውን ሥራ የምእመናን እናት ሠርታዋለች። ከዚህ በኋላ «ፋቂ» የሚለው ቃል ከአፍህ ሲወጣ ማንን እንደነካህ አስብ።

ሸክላ ሠሪዋንስ? አላህ የመጀመሪያውን ሰው እንደ ሸክላ ከሚንቃጨል ጭቃ እንደፈጠረው በሱረቱ ረሕማን ነግሮናል። ሁላችንም ከጭቃ ነን። ጭቃ በመንካቷ ማንም አላነሰችም።

ደግሞ ራሳችንን እንታዘብ። ቡናችንን የምናፈላው እሷ በሠራችው ጀበና ነው። እንጀራችንን የምንጋግረው እሷ በሠራችው ምጣድ ነው። የዒድ ኡድሒያችንን የምናርደው ቀጥቃጩ በሳለው ቢላዋ ነው። እጃቸው የሠራውን ዕቃ አፋችን ላይ እናደርጋለን፤ እጃቸውን ግን ለመጨበጥ እንፈራለን። ዐይናቸው ያን ያህል የሚገድል ቢሆን ኖሮ ጀበናውን ለሳምንት ሲሠሩ ሲያዩት የከረሙት እነሱ ናቸው፤ ለምን ቡናው አልገደለንም?

◾ «ኡለማዎች ስለ ከፋኣ ተናግረዋል» ለሚሉ

ትንሽ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ይነሣና «በፊቅህ ኪታቦች በጋብቻ አቻነት፣ በከፋኣ፣ ሙያም ይታያል ተብሏል» ይለናል። እውነት ነው፤ ከፉቀሃእ መካከል ሙያን ከከፋኣ የቆጠሩ አሉ። ኢማሙ ማሊክ ግን መሠረቱ ዲን ነው ብለዋል። ሙያን የቆጠሩትም ቢሆኑ ምን እንዳሉ በትክክል እንይ።

የተናገሩት ሰውየው ራሱ ስለሚሠራው ሥራና ያ ሥራ በአካባቢው ልማድ ስላለው ቦታ ነው። ይህንንም የልጅቷና የወሊዮቿ መብት አድርገው እንጂ ጋብቻውን ሐራም የሚያደርግ ነገር አላደረጉትም፤ እነሱ ከወደዱ ኒካሑ ይታሠራል። «ደሙ ሰው ይበላል» ያለ ፈቂህ የለም። የኛ ሰፈር ሹክሹክታ ደግሞ ስለ ልጁ ሥራ አይደለም። ልጁ መሐንዲስ ቢሆን፣ ነርስ ቢሆን፣ ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ቢመረቅ «አያቱ ፋቂ ነበር» ይባላል። ይህ ከፋኣ ሳይሆን ዘረኝነት ነው።

የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ተግባር ካየን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አቡ ሂንድ (ረ.ዐ) በዋግምት ሥራ የሚተዳደር ነፃ የወጣ ሰው ነበር፤ ዋግምት ዐረቦች የሚንቁት ሥራ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በኒ በያዳ የተባሉትን ሰዎች ለአቡ ሂንድ እንዲድሩለትና ከእሱም እንዲያገቡ አዘዙ፤ አቡ ዳዉድ ዘግበውታል። የቁረይሽ ተወላጇን ፋጢማ ቢንት ቀይስን ከነፃ የወጣው ከዘይድ ልጅ ከኡሳማ ጋር እንድትጋባ መከሯት፤ እሷም በኋላ በዚያ ትዳር ብዙ ኸይር አገኘች። ዲኑንና አኽላቁን የምትወዱለት ሰው ሲመጣ ዳሩት፤ ያለዚያ በምድር ላይ ፊትና ይመጣል ብለው ያስጠነቀቁትም እሳቸው ናቸው።

አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ዘር በሰደበ ጊዜ ረሱል ምን አሉት? ጃሂሊያ ያለብህ ሰው ነህ አሉት። አቡ ዘርን ነው እንዲህ ያሉት! በዙህዱ የሚታወቀውን፣ ከቀደሙት ሙስሊሞች የሚቆጠረውን ሶሐባ። ሰው ሶላቱ እያማረ ጃሂሊያ ውስጡ ሊቀር እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

◾ ወሬው በሽተኛ ይገድላል

አንዳንዱ «ጉዳቱ ምንድነው? የድሮ ሰው ወግ ነው» ይላል። ጉዳቱን በሁለት በሽታ እናሳይ።

አንደኛው ዝሆኔ ነው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት። እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ይሸታል። በሀገራችን 1.5 ሚሊዮን ገደማ አዋቂዎች እንደተያዙ በሀገር አቀፍ ጥናት ተገምቷል፤ ወላይታና ጋሞ ደጋ ከሚታይባቸው ቦታዎች ናቸው። ሰው «እርግማን ነው፣ የዘር ነው፣ ይተላለፋል» ብሎ ይሸሻቸዋል፤ ከነሱ ቤት አያገባም። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ በሽታው በባዶ እግር ለዓመታት ቀይ አፈር ላይ ከመሄድ ይመጣል። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በቆዳ ገብቶ የእግሩን የፈሳሽ መተላለፊያ ይጎዳል። ይህን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ አሳየ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንዳንድ ቤተሰብ በተፈጥሮው ይበልጥ ተጋላጭ ይሆናል፤ ሰው «የዘር እርግማን» ያለውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። ያ ቤተሰብ ግን ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግ በሽታው አይዘውም። መከላከያው ጫማ፣ ሳሙናና ውኃ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ እግራችንን የምናጥብ ሰዎች ይህን ለጎረቤት ለማስተማር ከማንም የቀረብን ነን።

ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። ልጅ መንገድ ላይ ሲወድቅ ክብሪት ጭረው ያሸቱታል፤ ከዚያ «ማን አይቶት ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። በጤና ጣቢያ የሚሰጥ መድኃኒት እያለ ወራት በጭስና በጥያቄ ያልቃሉ፤ በመሐል ልጁ እሳት ላይ ወይም ውኃ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ እየጣላት የምትሠቃይ አንዲት ጥቁር ሴት መጥታ ዱዓ ጠየቀች። ታግሣ ጀነት ማግኘትን ወይም ዱዓ እንዲደረግላት እንድትመርጥ ነገሯት፤ ትዕግሥቱን መረጠችና ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ አስደረገች። «ማን በላሽ?» ብለው አልጠየቋትም። ማንንም አላስከሰሷትም። በክብር ሸኟት።

◾ ጂን ምስክር ሆኖ ያውቃል?

እዚህ ላይ የዘመናችንን ፈተና ሳናነሣ አናልፍም። ድሮ በሽተኛውን አጭሰው «የበላህ ማነው?» ይሉ ነበር፤ በሽተኛው ስም ይጠራል፤ የተጠራው ጎረቤት ዕዳ ውስጥ ይገባል። ዛሬ ይኸው ነገር ካሜራ ይዞ መጥቷል። በቲክቶክና በቴሌግራም ራሱን «ራቂ» ብሎ የሰየመ ሰው ቁርኣን ይቀራል፤ ከዚያ «ጂኑን» ያናግራል፤ «ማን ላከህ?» ይላል፤ ከታመመችው ሴት አፍ የአማቷ ወይም የጎረቤቷ ስም ይወጣል። ቪዲዮው ይለጠፋል። ቤት ይፈርሳል።

ሩቅያ ሱና ነው። ፋቲሓ፣ አየተል ኩርሲ፣ ፈለቅና ናስ በእጃችን ናቸው፤ ማንም ሙስሊም ለራሱና ለልጁ ሊቀራ ይችላል። ነገር ግን በሩቅያ ስም የጂንን ቃል እንደ ምስክር መቀበል ከየት መጣ? አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የረመዷንን ዘካ ሲጠብቅ የያዘው ሸይጣን አንድ እውነት ነገረው፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ያ ተናጋሪ ዋሾ መሆኑን አስረዱት። አንድ ጊዜ እውነት ቢናገር እንኳ ዋሾ ነው! ፋሲቅ የሰው ልጅ ወሬ ሲያመጣ አጣሩ ተብለናል፤ ሸይጣን ሲያመጣ ግን ሳናጣራ ጎረቤት እንኮንናለን? በሸሪዓ ማስረጃ ማቅረብ የከሳሽ ግዴታ ነው፤ የማይታይ ከሳሽ ደግሞ ቃሉ ዋጋ የለውም።

ስለ ክታብም አንድ ቃል እንበል። የቁርኣን አያ ብቻ የተጻፈበትን በተመለከተ ቀደምት ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ያ ለዑለማዎች ይተው። የማይታወቅ ፊደል፣ ሠንጠረዥ፣ የጂን ስም የተጻፈበትና በቆዳ የተሰፋው ሂርዝ ግን ውዝግብ የለውም። ጠንቋይ ዘንድ ሄዶ የጠየቀ ሰው የአርባ ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። «አዋቂ»፣ «የባህል ሐኪም»፣ «ሼኽ» ብሎ ስሙን ቢቀይርም የሚሠራው ሥራ ከሆነ ፍርዱ አይቀየርም።

◾ ይህ የኛ ብቻ አይደለም

አንዳንዱ ወጣት ይህን ሲያነብ «እኛ አፍሪካውያን ኋላ ቀር ነን» ይላል። አይደለም። በ1895 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ውስጥ፣ በቲፐረሪ አውራጃ፣ ብሪጅት ክሊሪ የተባለች የ26 ዓመት ወጣት ሴት ታመመች። የአየርላንድ ገጠር ሰው በኮረብታና በአሮጌ ቅጥር ውስጥ የሚኖሩ ስውር ፍጡራን ሰው ሰርቀው በቦታው አምሳያ ያስቀምጣሉ ብሎ ያምን ነበር። ባሏ «ይህች ሚስቴ አይደለችም፤ ቀይረዋታል» አለ። ዕፅ ቀማሚ ተጠራ፤ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ያዛት፤ በመጨረሻም ባሏ በእሳት አቃጥሎ ገደላት። ባቡርና ጋዜጣ በነበረበት አገር፣ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር፣ በአውሮፓ ምድር ነው የሆነው። ፍርድ ቤት የ20 ዓመት እስራት ፈረደበት።

አስፈሪው ነገር ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች አውሬ አለመሆናቸው ነው። ዘመዶቿና ጎረቤቶቿ ናቸው። ወሬው «ይህ ሰው ሰው አይደለም» ብሎ ሲያሳምንህ እጅህ የማይሠራው ነገር የለም። «ሰው አይደለም፣ ጅብ ነው» የሚለው የኛ ወሬም መነሻው ያው ነው።

◾ የማንለው ነገር

ይህን ጽሑፍ የጎረቤትን ባህል ለመዝለፍ የሚጠቀምበት ሰው እንዲኖር አንፈልግም። ጋሞ መካከል በቁጥር ጥቂት ሆነን የምንኖር ሰዎች ነን፤ ከዚህ ሕዝብ ብዙ ተምረናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የቡራዩው ጥቃት ከተሰማ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ሲነሣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቱ ተመለሰ። አገር ሁሉ አየው። ያን የሚያህል ወግ ያለው ሕዝብ ክብር ይገባዋል። ጎሜ ነው ብለው ያልቆረጡት ጥብቅ ደን ምንጭ ጠብቋል፤ የአርባ ምንጭ ከተማ ስሟም ውኃዋም ከምንጭና ከደን ነው። እኛ ዛፍ ምንም እንደማይጠቅምና እንደማይጎዳ እናምናለን፤ ነገር ግን ዛፍ መትከል ሶደቃ መሆኑን ተምረናል። ስለዚህ ደኑን አብረን እንጠብቅ፤ የምንጠብቅበት ኒያ ይለያያል፤ ደኑ ግን ይኖራል።

የሌላውን እምነት እየተነተንን የራሳችንን ጓዳ አንርሳ። ይህ ጽሑፍ ለራሳችን ነው።

◾ ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ሹክሹክታው ሲመጣ ዝም አንበል። «ማን አየ? ምን ማስረጃ አለ?» ብለን በአክብሮት እንጠይቅ። አክስትም ብትሆን እትዬም ብትሆን፣ ክብሯን ጠብቀን «ይህ ጊባ ነው፣ ቡህታንም ነው» እንበላት። አንድ ደፋር ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ወሬው ይሞታል።

2. አባቶችና ወንድሞች፣ ወሊይ መሆን አማና ነው። ዲኑንና አኽላቁን ወዳችሁለት በዘሩ ብቻ የመለሳችሁት ልጅ ቂያማ ላይ ይጠይቃችኋል። ለልጁ የውሸት ምክንያት መስጠታችሁ ደግሞ ሁለተኛ ወንጀል ነው።

3. እህቶች፣ ድምፃችሁ አለበት። የሚፈልጋችሁን ልጅ ዲኑን ካወቃችሁ ዘሩን ምክንያት አድርገው ሲመልሱት «እኔ በዚህ አልስማማም» ማለት መብታችሁ ነው። ኡስታዞችንና ኢማሞችን አማላጅ አድርጉ።

4. ኢማሞቻችን፣ በጁሙዓ ኹጥባ ይህን በስሙ ጥሩት። «ዘረኝነት ሐራም ነው» ማለት ጥሩ ነው፤ «ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቡዳ የምትሉትን ተዉ» ማለት ግን የበለጠ ልብ ይደርሳል።

5. ጠዋትና ማታ አዝካራችንን እንያዝ። ደስ የሚል ነገር ስናይ «ማሻአላህ፣ አላህ ይባርክልህ» እንበል። ይህን ከልጅነቱ የለመደ ሰው ዐይንን ፈርቶ ጎረቤቱን አይጠላም።

6. ስንታመም ሩቅያም እንቀራ፣ ሐኪምም ዘንድ እንሂድ። ዑመር (ረ.ዐ) ሻም ላይ ወረርሽኝ መኖሩን ሰምተው ሲመለሱ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ ተናግረዋል። መድኃኒትም ቀደር ነው። የሰው ስም የሚጠራ «ራቂ» ካጋጠመን ግን ተነሥተን እንውጣ።

7. ከሁሉም በላይ አብረን እንብላ። ዒድ ላይ፣ ኢፍጣር ላይ፣ አቂቃ ላይ የተገፉትን ቤተሰቦች እንጥራ፤ ሲጠሩንም እንሂድ። ሺህ ጽሑፍ የማያፈርሰውን አጥር አንድ ማዕድ ያፈርሰዋል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በሶላት ሶፍ ላይ ትከሻችን ከማን ጋር እንደተነካካ አንጠይቅም። እግር ከእግር አጋጥመን እንቆማለን። ሰላም ካልን በኋላ ከመስጂድ በር ስንወጣ ያንን ትከሻ የምንፈራው ከሆነ ሶላታችን ምን አስተማረን? ቢላል (ረ.ዐ) የተሠቃየው፣ ኸባብ ጀርባው የተቃጠለው፣ ሰው በዘሩ እንዳይለካ ነው። እኛ ደግሞ የእነሱን ዲን ይዘን የአቡ ጀህልን ሚዛን እንጠቀማለን።

አላህ ልባችንን ከጃሂሊያ ያጥራልን። ወጣቶቻችንን በሐላል ትዳር ያሰባስብልን። በሐሰት ስም የተገፉትን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ክብራቸውን ይመልስልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

ለቤተሰብ ግሩፖች ሼር አድርጉት፤ በተለይ የኒካሕ ሽማግሌ ለሚሆኑ አባቶች ድምፅ አሰምታችሁ አንብቡላቸው።